ቆርቆሮህን ለምን እንዳወረድኩት

ለወንድሜ ለተፈሪ፣ ድሬዳዋ።

ሰላምታዬ አንተንም ቤትህንም ጎረቤትህንም ያዳርስ። ጤናህ እንዴት ከረመ? በሙቀት የሚነሣብህ ራስ ምታት ተወህ ወይስ አሁንም ግንባርህን አስረህ ነው ቢሮ የምትገባው? ሃዊ እንዴት ናት? እናቷስ ከሕመማቸው ተነሡ? አብዲ ትከሻህ ላይ ደረሰ ወይስ አልፎህ ሄደ? ሰገነት ፊደል ጨረሰች? ውሃስ ይመጣላችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። የኤፍራታ እናት ዓባይነሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም የእንሰቱን ሥራ ለማንም አልሰጠችም። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዞ ነበር፤ ግማሹን ዝናብ አረገፈው። ላሚቱ ወልዳለች። እኔም ደኅና ነኝ። ሰው ሁሉ በደብዳቤው ላይ «ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ እኔም እንደዚያ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። የጎደለብኝ አለ። ያናደደኝም አለ። ካናደዱኝ ሰዎች አንዱ አንተ ነህና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው በዓባይነሽ ስልክ ደውለህ ያልከውን አልረሳሁም። እሷ ድምፁን ከፍታው ስለነበር ከነጎረቤቱ ሰማንህ። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? ቆርቆሮውን የላክሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ፈቅጃለሁ። ለአንድ ሳምንት አውርደህ ሣር ጣል አድርግበት፤ ኮሚቴው አይቶ ሲሄድ ትመልሰዋለህ» አልከኝ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ዓባይነሽ በኋላ መልሳ ደውላ «ኔትወርኩ ነው» ብላሃለች አሉ። ኔትወርኩ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። በስልክ የተቆጣ ሰው ቁጣውን ነፋስ ይወስደዋል፤ በወረቀት የተቆጣ ግን ደግሞ ደጋግሞ ይነበባል። ፊደል የለየሁት ከጭነት መኪና ጎን ላይ ስለሆነ ጽሑፌ እንደ መኪና ጽሑፍ ትልልቅ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ ትልቅነቱ ይጠቅመኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ፤ አንተ የሰማኸው ጫፉን ነውና። ልጄ ኤፍራታ እንደምታውቀው ወሎ ድረስ ተመድባ አዋላጅነት ስትማር ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። መንግሥት ያበላታል፣ ያስተኛታል፤ ይህን አልክድም። እሱንም ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ልትከፍል ፈርማለች። ነገር ግን ሰው በእንጀራ ብቻ አይማርም። የሚባዛ ወረቀት አለ፤ ሳሙና አለ፤ ለሴት ልጅ የሚያስፈልግ፣ ለአባት የማይነገር ነገር አለ። ሆስፒታል ለልምምድ ሲወጡ ነጭ ጋውን ይለበሳል፤ የሷ የራሷ የላትም። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በአንድ ጋውን ነው የሚማሩት፤ ጓደኛዋ ጠዋት ለብሳው ትገባለች፣ እሷ ከሰዓት በላቡ ላይ ትለብሰዋለች። ባለፈው ክረምት አገሯ አልገባችም። «ትምህርት ይዞኝ ነው አባዬ» አለችኝ። ለካ የአንዲት መምህር ቤት ልብስ እያጠበች ነው የከረመችው። ይህን ሁሉ ለእናቷ ነው የነገረቻት። ለኔ ሁልጊዜ «ሁሉም ደኅና ነው» ነው የምትለኝ። የኔ ልጅ ናት፤ አንገቷ አይታጠፍም።

ኅዳር ላይ ግን ዓባይነሽ ከእርሻ ስመለስ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ልጅህ ልታቋርጥ ነው» አለችኝ። ዊዝድሮው ይሉታል። ለአንድ ዓመት ወጥታ፣ ሠርታ፣ እንደገና ልትመለስ ነው ሐሳቧ። አቋርጠው የተመለሱትን አንተም እኔም እናውቃቸዋለን፤ የሉምና። ከሷ በፊት ከዚህ ሰፈር የወጣችው ልጅ ለአንድ ዓመት ብላ አቋርጣ ይኸው ዛሬም ጂንካ መናኸሪያ ሻይ ታፈላለች። አንድ መንገድ ግን ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለችግረኛ ተማሪዎች በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ አለ። የሚሰጠው ግን ቤተሰቡ አቅም የሌለው መሆኑን ከቀበሌው በማኅተም ያስመሰከረ ተማሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሳይጀመር ምስክሩ ከደረሰ ትማራለች፤ ካልደረሰ ትወጣለች። ነገሩ ይኸው ነው።

በነጋታው ጫማዬን ወልውዬ ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ አንድ ወጣት ነው፤ ስሙ እውነቱ ይባላል፤ ስሙ ብቻ። በአክብሮት አስቀመጠኝ። ጉዳዬን ጨርሼ ሳልነግረው «አባባ፣ ቤትዎ ምን ለብሷል?» አለኝ። «ቆርቆሮ» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያስ ችግረኛ አይደሉም» አለ። እንዴት ነው ችግረኛ የማልሆነው ስለው «መስፈርቱ ነው» ይለኛል። መሬቴ ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ልጅቱ ምን እንደጎደላት አልጠየቀኝም። ላሚቱ አንድ መሆኗን፣ ቡናዬ መርገፉን አልጠየቀኝም። «መስፈርቱ ጣሪያ ያያል፤ ቆርቆሮ ያለው ይታለፋል፣ ሣር ያለው ይመዘገባል» አለኝ። «መስፈርታችሁ ዝናብ ነው ወይ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያየው?» ስለው ሣቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «አባባ፣ ይሄን ያህል አይቆጡ። ኮሚቴው የሚመጣበትን ቀን እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት አውርደው ጓሮ ይደርድሩት፤ ቤቱን ሣር ያልብሱት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይህን ያለኝ አዝኖልኝ ነው። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢመክረኝ ኖሮ በቀላሉ እረሳው ነበር።

ተፈሪ፣ ያን ቆርቆሮ ለምን እንደላክኸው ረሳኸው እንዴ? ኤፍራታ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ስትል ለእረፍት መጥተህ ነበር። ያን ሰሞን ጣሪያው አርጅቶ ያንጠባጥብ ነበር። ልጅቱ ደብተሮቿን ድስት ውስጥ ከታ፣ ክዳን ገጥማ፣ በላዩ ድንጋይ ጭና አየሃት። ወጥተህ ከእንሰቱ ሥር ቆየህ፤ ስትመለስ ዓይንህ ቀልቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ቆርቆሮው ጂንካ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ በትከሻው እያፈራረቀ፣ እየዘመረ ነው እዚህ ያደረሰው። እንግዲህ ስማኝ። ያ ጣሪያ የወጣው ልጅቱ እንድትማር ነው። ዛሬ ያው ጣሪያ ነው እንዳትማር የመሰከረባት። ጽሑፌ እዚህ ላይ ከተጣመመብህ ከቁጣ ነው እንጂ ከእርጅና አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ሶርሳ ልንገርህ። ከኛ ቀጥሎ ያለውን ጎረቤታችንን ሶርሳን ማለቴ ነው፤ አብራችሁ ነሪ ወንዝ ስትዋኙ የኖራችሁትን። በእምነት የሚባለው ልጁ ከኤፍራታ ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሶርሳ ቤት ሣር ነው። ከብቶቹ ግን ከቀይ አፈር ከተማ በታች፣ የበና ብሔረሰብ ከሆነ ከብት አርቢ ወዳጁ ዘንድ ናቸው፤ ስንት እንደሆኑ እሱና ወዳጁ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ኮሚቴው መጣ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ሣር ነው፣ ችግረኛ ብሎ ጻፈለት። በእምነት ከጥቅምት ጀምሮ ድጋፉን ይቀበላል። ይህን ስሰማ ተመልሼ ቀበሌ ገባሁ። ጸሐፊውን እውነቱን «አንተ ቀይ አፈር አይደለም ወይ ያደግከው? የዚህ አገር ሀብት በሰው ደጅ እንደሚግጥ አታውቅም?» አልኩት። «አውቃለሁ አባባ» አለኝ፤ «መስፈርቱ ግን አያውቅም።» እንግዲህ የሚያውቀው ሰው ለማያውቀው መስፈርት ሎሌ ሆኖ ተቀምጧል።

እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ሶርሳን ያዝኩት። ማፈር ሲገባው ሣቀብኝ። «ዶላሞ፣ ምን ላድርግህ» አለኝ። «ያንተ ሀብት ዝናብ ሲመጣ ይንኳኳል፤ የኔ ደግሞ ያገሳል፤ ግን በሩቅ ነው የሚያገሳው። ኮሚቴ ደግሞ የሚሰማው ቅርቡን ነው።» ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሣቁ። «ሣቁ» አልኳቸው፤ «አንድ ቀን ይህን ሣቅ ስታለቅሱበት ትገኛላችሁ።» ሶርሳ ወንድሜ ነው፤ ቤቴ ቢቃጠል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ቢሆንም በዚያ ቀን ሰላም ሳልለው ሄድኩ።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው አንተ የደወልከው። ከጸሐፊው ከእውነቱ የሰማሁትን ምክር ቃል በቃል ከገዛ ወንድሜ አፍ ሰማሁት። አንተ በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ለትምህርት ስትገባ የአባትህ ጎጆ ምን ለብሷል ብሎ የጠየቀህ ማን ነበር? ማንም። ውጤትህን አዩ፣ አስገቡህ፣ አበሉህ፣ አስተማሩህ፤ ዕዳ ፈርም ያለህም አልነበረም። ለኪስህ ሲያጥርህ እኔ ማሬን ሸጬ ላክሁልህ። ያኔ «ወንድሜ ሞቷል በልና ርዳታ ጠይቅ» ብልህ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ነህ፤ ቁጥር ሲዛባ ትቆጣለህ አሉ። የገዛ ቤቴን እንዳዛባ ግን መከርከኝ። ልጅቱን አዋላጅ ላደርጋት ነው የላክኋት። ነገ የሰው ነፍስ በእጇ ይገባል። አባቷ በተሰወረ ቆርቆሮ ያስተማራት ልጅ የተሰወረ ነገር ስታይ ምን ታደርጋለች? ይህን አላሰብክም። እኔ አስቤዋለሁ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ የዋሹትን ሰዎች በጉባኤ ፊት አቁሜ ገሥጫለሁ፤ በየትኛው አፌ ነው ጓሮዬ ቆርቆሮ ደብቄ የምገሥጸው?

ዓባይነሽ ግን ያንተ ወገን ሆነች። ሌሊትና ቀን አንድ ቃል ነበራት። «አንተ እውነትህን ልበሳት፤ ልጄ ጋውን ነው የሚያስፈልጋት» ትለኛለች። እህል ታቀርብልኛለች፣ አትቀመጥም። ላሚቱን ታልባለች፣ ወተቱን ለጥጃው ትመልሳለች። «ቤቱ የኔም ነው፤ ወጣቶቹን ጠርቼ አስወርደዋለሁ» አለችኝ። «አንድ ቆርቆሮ ከቦታው ቢነቃነቅ እኔን ከነቆርቆሮው አውርዱኝ» አልኩና ወንበሬን አውጥቼ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ሰው እያለፈ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ለምን እንደተቀመጥኩ ያውቃሉ፤ ማንም አልጠየቀኝም። እሷም ከጓዳ «ዘበኛው፣ ቡና ልጨምርልህ ወይ?» ትለኛለች፤ ቡናውን ሳታመጣ።

እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው አባታችን የተናገረው ቃል የመጣብኝ። አንተ ሕፃን ነበርክ፤ ላታስታውሰው ትችላለህ። አንድ የቀረጥ ሰብሳቢ መጥቶ «ድሃ ነህ ወይስ ባለሀብት?» ብሎ ጠየቀው። አባታችን በራሳችን ቋንቋ መለሰለት፤ በአማርኛ ስገለብጠው እንዲህ ነው፦ «ድሃ ማለት ቤቱን ሲከድን ነዶ የሚያቀብለው ያጣ ሰው ነው።» አንድ ሰው ላይ ሆኖ ይከድናል፣ አንድ ሰው ታች ቆሞ የሣሩን ነዶ ይወረውርለታል፤ ላዩ ያለው ለብቻው ምንም ማድረግ አይችልም። ለአባታችን ድህነት ይኸው ነበር። የለበስከው ጣሪያ አይደለም፤ ከታች የቆመልህ ሰው ነው። ይህን ሳስብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ቆርቆሮውን ማውረድ ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ መልሶ ለመስቀል ብሎ ማውረድ ነው።

በቀጥታ ወደ ሶርሳ ሄድኩ። ለቤቱ ክዳን ያጨደውን ሣር እያራገፈ ነበር። «ቆርቆሮ ትገዛለህ?» አልኩት። የምቀልድ መሰለው። «ከምርህ ነው? ጉድጓድ አለው?» አለኝ። «ካንተ ድህነት ያነሰ» አልኩት። ሶርሳ ቆርቆሮ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ ያልገዛው የበእምነት ምስክር እስኪታተም ብሎ ነበር። አሁን ታትሟል። «አሁንማ መንኳኳት እችላለሁ» ብሎ እየሣቀ ወደ ቀይ አፈር ላከ፤ ከወዳጁ ዘንድ አንድ ወይፈን አስመጥቶ ሸጠና ከፈለኝ። ያለ ክርክር ከፈለኝ፤ ይህን ላመሰግነው ይገባኛል። ቆርቆሮው ትከሻው ላይ ካረፈ በኋላ ግን አንድ ነገር አስታወስኩት። «ሶርሳ፣ ምስክሩ እኮ በየዓመቱ ይታደሳል» አልኩት። እግሩ ቆመ። ፊቱን ባየኸው። «በል ተሸከመው» አልኩት፤ «አሁን የምትገባው እዚያው እኔ የነበርኩበት ነው።» በዚያች ቀን ብቻ ነው ከኅዳር ወዲህ የሣቅሁት።

በእኩለ ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ቆርቆሮህን አወረድኩት። እንደ ሌባ በምሽት አይደለም። ዓባይነሽ ከታች ቆማ «አሁን ምን ለየህ? ይኸው አወረድከው አይደለም እንዴ!» አለችኝ። «ልዩነቱ ይህ አለመመለሱ ነው» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቀመጣለች፤ ወተቱም ተመልሷል።

የሚቀጥለውን ከሰማህ በኋላ የኔን ቁጣ ትረዳለህ። ኮሚቴው መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እውነቱ ደብተሩን ይዟል። ቤቱ ገና በከፊል ነው የተከደነው። ቀና ብለው አዩ። «ሣር» አለ አንዱ። «ሣር» አለ ሁለተኛው። እውነቱ ጻፈ። «ቆዩ» አልኳቸው። «ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ ነበር። ለሶርሳ ሸጬዋለሁ። ብሩ ይኸው በኪሴ ነው። በዚህ ኪስ ውስጥ ይህን የሚያህል ብር ከገባ ዓመታት አልፈዋል» ብዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። እውነቱ «አባባ፣ እሱ መስፈርቱ ውስጥ የለም» አለኝ። «ታዲያ ትናንት ኪሴ ባዶ ሳለ ባለሀብት አልከኝ፤ ዛሬ ሞልቶ ሳለ ችግረኛ ትለኛለህ?» አልኩት። «መዋሸት የለብዎትም፤ ግን እንዲህ ጮክ አይበሉ» አለኝ። ተፈሪ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ድሃ የተባልኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ገንዘብ በያዝኩበት ቀን።

ማኅተሙን ለመቀበል ቀበሌ ስሄድ ወረቀቱን አነበብኩት። «አቶ ዶላሞ ድሃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል። «ድሃ የሚለውን ሰርዝ» አልኩት። «አቅም የሚያንሰው በል፣ ቡና የረገፈበት በል፣ የፈለግከውን በል። ቤቴን ሲከድኑ የዋሉት ሰዎች ይህን ቢያነቡ እናፍራለን።» እውነቱ «ድሃ ካላልኩ እዚያ አይቀበሏትም» አለኝ። ስለ ልጅቱ ሲለኝ ተውኩት። ማኅተሙን አሳረፈበት። እኔም ብዕሩን ከእጁ ወስጄ ከማኅተሙ በታች በትልልቁ ፊደሌ ጻፍኩ፦ «ድሃ ያሉኝ እነሱ ናቸው። እኔ ለልጄ ጣሪያዬን የሸጥኩ አባት ነኝ። ዶላሞ።» ልጁ ብድግ አለ። «ሰነድ አበላሹ! ማኅተም ካረፈ በኋላ ነጥብ እንኳ አይጨመርም!» ብሎ ጮኸብኝ። «ነጥብ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገር ነው» አልኩትና ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። ሌላ እንዲጽፍልኝ ለመነኝ። አልተመለስኩም።

ለእረፍት መጥቶ የነበረው በእምነት ወረቀቱን ይዞላት ሄደ። ልብ በል፤ እሱ ለእረፍት አገሩ ገባ፣ እሷ አልገባችም። በቆርቆሮው ገንዘብ ጂንካ ጋውን አሰፍተን፣ ሳሙናውንም እናቷ የመረጠችላትንም ዕቃ ጨምረን፣ የተረፈውን ብር በጨርቅ ቋጥረን አስያዝነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን እየጠበቅን ከረምን። እኔ ያ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ልጅቱን ያስወጣት እንደሆነ እያሰብኩ እህል አልወርድ አለኝ። ይህን ለዓባይነሽ አልነገርኳትም፤ ላንተ ግን እነግርሃለሁ። ቢሆንም ከማኅተም በታች የጻፍኩትን ደግመህ ጻፍ ብባል ደግሜ እጽፈዋለሁ።

ትናንት ኤፍራታ ደወለች። የተማሪዎች አገልግሎት ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ «ይሄን ከማኅተሙ በታች የጻፈው ማነው?» አለቻት። «አባቴ ነው» አለች ልጅህ፤ «ፊደል የተማረው በራሱ ነው።» ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም፤ መዘገበቻት። ትማራለች። ጋውኑም ልክ ሆኗታል፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል፤ እናቷ ናት «ታድጋለች» ብላ ያስረዘመችው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ወዴት ልታድግ እንደሆነ እንጃ። ለጓደኛዋ «ከእንግዲህ ያንቺን ጋውን ጠዋትም ከሰዓትም ልበሺው» አልኳት አለችኝ። ደኅና ዋል እንኳ ሳንባባል ዘጋን።

እንግዲህ ደስ ሊልህ ይገባል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ቁጣዬ ግን አልበረደም። ከታች ሰፈር ያለችውን ባልቴት ሙሉሽን ታውቃታለህ። ባሏ ትቶላት የሞተው ቆርቆሮ ቤት ብቻ ነው። ልጇን «ቆርቆሮ አላችሁ» ብለው ከለከሉት፤ ባለፈው ሳምንት አቋርጦ ገባ። አሁን አሸዋ ይጭናል። እሷ ቆርቆሮውን ለማን ትሽጥ? ሣሩንስ ማን ይጨድላት? የሁሉም ሰው ጎረቤት ሶርሳ አይደለም። ስለዚህ በቀበሌው ስብሰባ ተነሥቼ ተናገርኩ። «ልጆቻችን እንዲማሩ ከቤታችን ላይ ምን ምን እናውርድ? ጣሪያ ማየት ትታችሁ ልጆቹን ጠይቁ። ጋውን አለሽ ወይ በሏት። ክረምት የት ከረምሽ በሏት። መልሱን ከፊቷ ታነቡታላችሁ» አልኳቸው። «አስተያየትዎን ይዘናል» አሉኝ። የት እንደያዙት እግዚአብሔር ይወቅ። በሚቀጥለው ስብሰባም እነሣለሁ፤ በሚቀጥለውም። ሙሉሽንም ይዣት እገባለሁ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ቆርቆሮህ የለም። አላዝንበትም፤ አንተም እንዳታዝንበት። የተላከበትን ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቷል፤ አንድ ጊዜ ተሰቅሎ፣ አንድ ጊዜ ወርዶ። ቤቱን ስንከድን የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ነዶ ነዶውን ይዞ መጣ። እኔ ላይ ወጣሁ፤ በዚህ ዕድሜህ ውረድ አሉኝ፤ አልወረድኩም። ከታች ነዶ ሲያቀብለኝ የዋለው ሶርሳ ነው። አንዱን በወረወረ ቁጥር «ድህነት እንዴት ይዞሃል?» ይለኛል። «ከታች አንተ እስካለህ ድረስ አልያዘኝም» አልኩት። ያን ቃል ከአፌ ሲሰማ መሣቁን ተወ። እኛ ታርቀናል።

የቁንጮውን የመጨረሻ ነዶ ግን አልከደንኩትም። አባታችን የመጨረሻውን ነዶ ከወንድሙ እጅ እንጂ ከሌላ ሰው እጅ አይቀበልም ነበር፤ ይህን አንተም ታስታውሳለህ። ሶርሳ ሊወረውርልኝ ሲል «ተው፣ የባለቤቱ ነው» አልኩት። ነዶው ጓዳ ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አለ፤ ስንተኛ ሰማዩን ያሳየናል፤ ዓባይነሽ ታጉረመርማለች። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይገባል። ከዚያ በፊት ና። ቆርቆሮ ይዘህ እንዳትመጣ፤ ገንዘብም እንዳትልክ። ሣር ማቀበል ከረሳህ ሶርሳ ያሳይሃል። ከመጣህ ከላይ ሆኜ የምሰድብህን ሁሉ ትሰማለህ፤ ከዚያም ይቅር ተባብለን እንበላለን። ካልመጣህ ግን ቀዳዳው እንዳለ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ድሃ መሆኔን እኔው በገዛ እጄ እጽፋለሁ፤ ማኅተምም አያስፈልገውም።

ሃዊን በኔ ስም ሳማት፤ እናቷን «እግዜር ይማርዎ» በልልኝ። አብዲን፣ ትከሻህን ካለፈ ይዘኸው ና፤ ነዶ ለመወርወር ቁመት ይጠቅማል። ሰገነትን፣ ፊደል ጨርሳ ከሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብላ እንድታነብልህ አድርግ፤ የቁጣዬን ቦታዎች እንዳትዘላቸው። ዓባይነሽ «አትቆጣው፣ ልጅ ነው» ብላ ሰላም ብላሃለች። ሶርሳ በአዲሱ ጣሪያው ሥር ሆኖ ሰላም ብሎሃል። ሙሉሽም ሰላም ብላሃለች። ኤፍራታ አድራሻህን ወስዳለች፤ ለብቻዋ ትጽፍልሃለች።

ታላቅ ወንድምህ ዶላሞ

ጂንካ አጠገብ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.